መርካቶ ያደገች ልጅ ሙምባይ ላይ ለምን አለቀሰች?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሙምባይ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የመጣሁት ለአንድ ወር ሥልጠና ነው። ያረፍኩት አንድሄሪ፣ ሥልጠናው ደግሞ ፎርት የሚባል ሰፈር ነው። ተወልጄ ያደግኩት መርካቶ ስለሆነ የሰው ብዛት አያስደነግጠኝም ብዬ ነበር። ትናንት ግን ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ጩኸቱ፣ ሙቀቱ፣ ሽታው፣ ሰዉ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ሁለት ባቡር አመለጠኝና በታክሲ ሄድኩ፤ አርፍጄ ደረስኩ። ይሄ ነገር ይለቀኛል? ወይስ ከተማዋ ለእኔ አትሆንም?»

እህቴ፣ ይለቅሻል። እኔ ካየሁት ሰው አብዛኛው ሳምንት አልፈጀበትም። ግን «አይዞሽ» ብዬ ብቻ ልተውሽ አልፈልግም። የደረሰብሽ ነገር ምክንያት አለው። ምክንያቱን ካወቅሽ ነገ ጠዋት የምታደርጊው ነገር ይቀየራል።

እኔ ሙምባይ ዘጠኝ ዓመት በአስተርጓሚነት ኖሬያለሁ። ዕቃ ሊያመጡ የሚሄዱ ነጋዴዎችን፣ ታማሚ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦችን፣ እንዳንቺ ለሥልጠና የሚመጡ ልጆችን ስቀበል ነው የከረምኩት። ሰው በመጀመሪያው ቀን አያለቅስም። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። በሁለተኛው ይደክመዋል። የሚብስበት በሦስተኛው ነው። ጋሼ የምላቸው አንድ የጨርቅ ነጋዴ በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ፓስፖርታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ትኬቴን አሳጥሪልኝ» አሉኝ። ዛሬ በዓመት ሁለቴ ይሄዳሉ። ማንጋልዳስ ገበያ ውስጥ ሲያዩዋቸው ሻይ የሚያዝላቸው ደንበኛ አላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መርካቶ ማደግሽ አልጠቀመሽም፤ እንዲያውም የጎዳሽ እሱ ይመስለኛል።

መርካቶ ሰው የሚሄደው ሊቆም ነው። ሸቀጥ ያያል፣ ይከራከራል፣ የሚያውቀው ሰው ካገኘ ሰላምታው አያልቅም። ተሸካሚ «ዞር በሉ!» ሲል ጠጋ ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይቆማል። አንቺ የለመድሽው ግርግር መሃል መቆም የሚቻልበት ግርግር ነው። አንድሄሪ ጣቢያ በር ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያየሽው ሕዝብ ግን ገበያ አልወጣም። ሥራ እየሄደ ነው፤ የሚይዘውን ባቡር ያውቃል፣ በየትኛው ፉርጎ እንደሚገባም ያውቃል። አንቺ እንደ ልማድሽ ነገሩን ለማየት ቆምሽ። እዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ የሚቆም ሰው የለም። ስለዚህ ገፉሽ። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። ሙምባይ ከአዲስ አበባ 2 ሰዓት ከግማሽ ትቀድማለች፤ ያቺ ግማሽ ሰዓት ከእኛ አቆጣጠር ጋር ስትደመር ጭንቅላት ታዞራለች። እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን እናትሽ ቤት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው።)

ለምን ሁሉም በአንድ ሰዓት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል? ካርታውን ስልክሽ ላይ ክፈቺው። ከተማዋ ወደ ባሕር የገባች ጠባብና ረጅም ምላስ ናት። ድሮ ሰባት ደሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1661 የፖርቱጋል ልዕልት ለእንግሊዙ ንጉሥ ስትዳር ለጥሎሽ ተሰጡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት በመካከላቸው ያለው ውሃ እየተደለደለ አንድ መሬት ሆኑ። ቢሮው፣ ባንኩ፣ ፍርድ ቤቱ በደቡቡ ጫፍ ተሰበሰበ። መኖሪያው ወደ ሰሜን ሸሸ። ስለዚህ ጠዋት ሁሉም ወደ ደቡብ፣ ማታ ሁሉም ወደ ሰሜን ነው። የከተማው ባቡር በቀን ከሰባት ሚሊዮን በላይ ጊዜ ሰው ያሳፍራል። አንቺ ደግሞ ዕድልሽ ሆኖ ያረፍሽው ሰሜን፣ የምትማሪው ደቡብ። ከነሱ ጋር ነው የምትፈሺው።

የተቀረው ግማሽ ደግሞ ሰውነትሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሙምባይ ባሕሩ ላይ ናት። የመጣሽውም በግንቦት ነው፤ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ሲለጠፍ። ሌሊት እንኳን ከ27 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ላብ ይወጣል እንጂ አይደርቅም። ሦስት ሌሊት በቅጡ ያልተኛ፣ ውሃ ያነሰው ሰው የትም ቢሆን ያለቅሳል። ጂንስሽን ሻንጣ ውስጥ ክተቺውና ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ግዢ። ሱቅ ገብተሽ «ቀሚዝ» በያቸው፤ ይገባቸዋል። የእኛ ቀሚስና የነሱ ቀሚዝ ሥሩ አንድ ነው፤ ሁለታችንም ጋ የመጣው በዐረብኛ በኩል ነው።

ጩኸቱን ላንሳ። አዲስ አበባ ክላክስ ስድብ ነው። ከኋላሽ ያለው ሰው ካንባረቀብሽ ተቆጥቷል ማለት ነው። ሙምባይ ግን ክላክስ «እዚህ ነኝ» ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። የጭነት መኪኖቹን ጀርባ እይ፤ «ሆርን ኦኬ ፕሊዝ» የሚል በቀለም ተጽፎ ታያለሽ። እባክህ አስጩህ ነው ነገሩ። ለነሱም በዝቶባቸው ፖሊስ አንድ ሰሞን አንዳንድ መብራቶች ላይ ጩኸት የሚለካ መሣሪያ ገጥሞ ነበር። ጩኸቱ ከ85 ዴሲቤል ሲያልፍ ቀዩ መብራት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ባንባረቅክ ቁጥር ትቆያለህ ማለት ነው። በጣም ሳቅኩ፤ ግን ጩኸቱ እንዳለ ነው። አንቺ ብቻ ድምፁን እንደ ስድብ መስማት አቁሚ። መንገድ ስታቋርጪ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ቀኝሽ እይ። መኪናው በግራ ነው የሚነዳው። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ወደ ባቡሩ እንምጣ። በመጀመሪያው ወር በራሴ ጥፋት የደረሰብኝን ልንገርሽ። ማታ 12 ሰዓት አካባቢ በደቡብ ካለው የመጨረሻ ጣቢያ፣ ከቸርችጌት፣ ወደ አንድሄሪ ልመለስ ፈለግኩ። ሰሌዳው ላይ ቀድሞ የሚመጣው የቪራር ፈጣን ባቡር ነበር፤ አንድሄሪም ይቆማል። ገባሁ። ቪራር ግን የመስመሩ ሩቅ ጫፍ ናት፤ ቪራር የሚሄድ ሰው በሩን ይዞ ይቆማል እንጂ መሃል ላይ ለሚወርድ መንገድ አይለቅም። አንድሄሪ ሲደርስ በሩ ጋ መጠጋት እንኳን አልቻልኩም። ቦሪቫሊ ድረስ ወሰደኝ። ልቅሶ ልቅሶ ሲለኝ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው አወረዱኝና ማዶ ያለውን ፕላትፎርም አሳዩኝ። በሂንዲ ብዙ ነገር ተናገሩኝ፤ ያኔ የገባኝ «ቪራር» እና «አይሆንም» የሚሉት ብቻ ነው።

ስለዚህ አንቺ እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ከአንድሄሪ ከሩቅ ሞልቶ የሚመጣውን አትጠብቂ፤ ከዚያው ከአንድሄሪ የሚነሳውን ቀርፋፋ ባቡር ያዢ። አሥራ ምናምን ደቂቃ ብትዘገዪ ነው፤ ግን ባዶ ፉርጎ ትገቢያለሽ። ማታ ስትመለሺም አንድሄሪ ላይ የሚያበቃውን። የቪራርን ፈጣን እርሺው። አየር ማቀዝቀዣ ያለውና በሩ የሚዘጋው «ኤሲ ሎካል» ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ግን ይገባዋል። ጭራሽ አቅም ያጣሽ ቀን ሜትሮ አለልሽ። ከአንድሄሪ በአንደኛው መስመር ማሮል ናካ፣ እዚያ ቀይረሽ በምድር ውስጡ መስመር ሁታትማ ቾክ። ፎርት መሃል ነው የምትወጪው።

እና የሴቶች ፉርጎ ግቢ። ወንድ አይገባበትም። እዚያ ውስጥ ያለውን ሕይወት ሳታዪ ሙምባይን አየሁ አትበዪ። መጀመሪያ ስትገቢ ወንበር ሁሉ ተይዟል። አትቁሚ ዝም ብለሽ፤ የተቀመጡትን አንድ በአንድ «ካሃን?» በያቸው፤ የት ትወርጃለሽ ማለት ነው። አንዷ «ባንድራ» ትልሻለች። በቃ፣ የባንድራዋ ወንበር ያንቺ ሆነ። ወረፋው በአፍ ነው የሚያዘው። ባንድራ ሲደርስ ሴትየዋ ከመነሳቷ በፊት በዓይኗ ትፈልግሻለች፣ በጣቷ ትጠራሻለች። ሌላ ሰው ልቀመጥ ቢል «ተይዟል» የምትለው እሷው ናት። ማታ ሲመለሱ ደግሞ ጭናቸው ላይ ፌስታል ዘርግተው ባቄላ የሚፈለፍሉ፣ ለእራት ሽንኩርት የሚልጡ ታያለሽ። የጆሮ ጌጥ በካርቶን ደርድራ የምትሸጥ ልጅ በመሃላቸው ትሽሎከለካለች። የፀጉራቸው ጃስሚን አበባ ሽታና የሽንኩርቱ ሽታ ይደባለቃል። ከመውረድሽ አንድ ጣቢያ ቀድመሽ ተነሺና ከፊትሽ ያለችውን «ኡተርና ሄ?» በያት፤ ትወርጃለሽ ወይ ነው። የማትወርድ ከሆነ ታሳልፍሻለች። ባቡሩ ጣቢያ ላይ የሚቆመው ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለዚህ ነው ሁሉም አስቀድሞ የሚሰለፈው።

አንድ ቀን ደግሞ የምሳ ሰዓትሽን መሥዋዕት አድርጊልኝ። እንደ እኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቸርችጌት ጣቢያ ውጭ ሂጂና ጥግ ይዘሽ ቁሚ። እዚያ መቆም ይቻላል። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች ረጅም የእንጨት ሳንቃ በጭንቅላታቸው ተሸክመው ይወጣሉ። ሳንቃው ላይ የተደረደረው ምሳ ዕቃ ነው፤ እንደኛው ምሳ ዕቃ፣ በጨርቅ ቦርሳ የገባ። ዳባዋላ ይባላሉ። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነው። ሚስት ወይም እናት ሰሜን ውስጥ ቤቷ የሠራችውን ምሳ ጠዋት ይቀበላሉ፣ በባቡር ያወርዳሉ፣ ደቡብ ያለ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያደርሳሉ፣ ከሰዓት ባዶውን ይመልሳሉ። ጎንበስ ብለሽ ክዳኑን እዪው። በቀለም የተጻፈ ፊደልና ቁጥር አለ፤ የትኛው ጣቢያ፣ የትኛው ሕንፃ፣ ስንተኛ ፎቅ የሚለው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። አስፋልቱ ላይ ያወርዱትና በእጅ በእጅ ይለዩታል። ማንም አይጮህም፣ ማንም ወረቀት አያይም። ከኮቪድ በፊት 5,000 ገደማ ሆነው በቀን 200,000 ያህል ምሳ ዕቃ ያመላልሱ ነበር፤ አሁን ቢሮ የሚገባው ሰው ስለቀነሰ እነሱም ቀንሰዋል። እኔ ሰው ሲደነግጥብኝ የምወስደው እዚህ ነው። ሃያ ደቂቃ ካየ በኋላ «ለካ ሁሉም የሚሄድበት አለው» ይለኛል። ጋሼም ያሉት ይሄንኑ ነው።

ፎርት ካልሽ አይቀር አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የእንግሊዞች ምሽግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1689 ያንን ምሽግ ከብቦ እንግሊዞቹን አስጨንቆ የያዛቸው ሲዲ ያቁት ኻን የሚባል የባሕር አዛዥ ነበር። ሲዲዎች ዘራቸው ከእኛ አካባቢ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ ሕንድ ውስጥ «ሐበሺ» የሚሏቸው እነሱን ነው። ከሙምባይ ወደ ደቡብ ያለው የጃንጂራ ደሴት ምሽግ የነሱ ነበር። ተመልሶ ደግሞ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት ጦሩ የተነሳው በዋናነት ከዚሁ ከቦምቤይ ወደብ ነው። መድፍ የተሸከሙት ዝሆኖችም ከሕንድ የመጡ ናቸው። ስለዚህ በምሳ እረፍትሽ በእነዚያ መንገዶች ስትሄጂ ጨርሶ የባዕድ አገር አይደለም።

ሽታው ጉዳይ ላይ ብዙ አልልም። ዓሣ ነው፣ ዕጣን ነው፣ ቱቦ ነው፣ የሚጠበስ ዘይት ነው። አፍንጫ ከጆሮ ቀድሞ ይለምዳል።

ምግብ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ። ብዙ ሐበሻ «ሕንድ ሁሉም ጾም ነው» ብሎ ይሄዳል። አይደለም። እሽግ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለውም ማለት ብቻ ነው። ወተትና ቅቤ ሊኖረው ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜም አለው። የሰኔ ጾም እዚያው ሊገባብሽ ስለሚችል «ዱድ ናሂ፣ ጊ ናሂ» ማለትን ልመጂ፤ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም ነው። እንጀራ ሲናፍቅሽ ዶሳ እዘዢ። ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ፣ ኮምጠጥ ብሎ፣ ምጣድ ላይ የሚጋገር ነው። እሱንም በዘይት አስደርጊው፤ ዝም ካልሽ ቅቤ ይቀቡታል። ሻይ ስትፈልጊ «ከቲንግ» በያቸው፤ ግማሽ ብርጭቆ ነው፣ ወተት ግን አለበት። የአልፎንሶ ማንጎ ወቅትም አሁን ነው፤ እነሱ «ሃፑስ» ይሉታል። ክሮፎርድ ገበያ ሄደሽ አንድ ደርዘን ግዢ። ዝናብ ሲገባ ያልቃል።

ጥቂት ነገር ደግሞ ልደርድርልሽ። ባጃጅ ፈልገሽ «ባጃጅ!» ብትዪ ይስቃሉ፤ ባጃጅ የፋብሪካው ስም ነው፣ እነሱ ኦቶ ወይም ሪክሾ ነው የሚሉት። ኦቶ ከባንድራ ወደ ደቡብ አያልፍም፣ ስለዚህ ፎርት ድረስ ውሰደኝ ብለሽ አትከራከሪ። ሰው ስታናግሪው ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ካወዛወዘ እምቢ ማለቱ አይደለም። «እሺ» ወይም «ገብቶኛል» ነው። እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» ስንል ፈረንጅ የሚደነግጠውን አስቢ፤ ያው ነው።

ይሄንን ሳልነግርሽ ባልፍ ደግሞ ውሸት ይሆናል። ያፈጡብሻል። ፀጉርሽን ሊነኩ የሚፈልጉ፣ ፎቶ አብረን እንነሳ የሚሉ አሉ። አብዛኛው የዋህነት ነው። አንዳንዱ ግን አይደለም። በቆዳ ቀለም የሚንቅ ሰው እዚያም አለ፤ ቤት ሲከራዩ ፊት የተነሳቸው ልጆች አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመሽ «እኔ አልገባኝ ይሆን?» እያልሽ ራስሽን አትመርምሪ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ አልፈሽ ሂጂ።

ነገ ጠዋት እንግዲህ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድመሽ ውጪ። 2 ሰዓት ሳይሞላ ጣቢያው ሌላ ቦታ ነው። በሩ ላይ አትቁሚ፤ ደረጃውን ወጥተሽ ሴቶቹ ተሰብስበው የቆሙበትን ፈልጊና ከኋላቸው ሁኚ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ መጀመሪያ ሳምንት ይገባል፣ ገና ሥልጠናሽን ሳትጨርሺ። የእነሱ ዝናብ የእኛ ክረምት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 2005 በአንድ ቀን 944 ሚሊ ሜትር ጥሏል፤ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ብዙም አያንስም። ያን የመሰለ ቀን ብርቅ ነው፤ ግን ባቡር የሚቆምበት፣ መንገድ ጉልበት ድረስ የሚሞላበት ቀን በየዓመቱ አለ። ከባድ ዝናብ ከጠዋት ከያዘ አሠልጣኞችሽን ደውለሽ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ እነሱም አይመጡም። በዣንጥላ አትተማመኚ፣ ነፋሱ ይገለብጠዋል። መንገድ ዳር የሚሸጠውን የላስቲክ ጫማ ግዢ። የቆዳ ጫማሽን አሁኑኑ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ሻንጣሽ ውስጥ ክተቺው፤ እዚያ ከሻገተ አይመለስም።